ከአልጋው በላይ ያለችው ቆርቆሮ

መርፌ ይሏታል። ስሟ አይደለም፤ ስሟን ያወጡላት ወላጆቿ ይሄን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ። ሰፈሩ ግን አንዴ መርፌ ካላት ወዲህ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው። በሥራዋ ነው የወጣላት የሚሉ አሉ፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እሷም ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስታጥፍ አብራው አርጅታለች። በምላሷ ነው የሚሉት ግን ይበዛሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውም ኩራቱም አጥሮ ነበር ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ባሏ የእሷ ተቃራኒ ነበር። ከስፌት መኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ፣ በከንፈሩ ስፒል ነክሶ ይውላል። «ዝም የሚለው ስፒሉን እንዳይውጥ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ስፒሉን በጣቱ ያወጣና «ለሁለታችን የሚበቃ አፍ እሷ ጋ አለ፤ እኔ ምን በወጣኝ» ይላል። ከዚያ ስፒሏን መልሶ ይነክሳታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

አንድ አባባል ነበረው። መርፌ ችኩል ናት፤ ሁሉን ነገር ዛሬውኑ ካልጨረስኩ ባይ ናት። ገና በቅጡ ያልተለካ ጨርቅ ይዛ ወደ መኪናው ስትሮጥ ቀና ይልና «ያዝ ያዝ አድርጊያት፤ መኪናው ይደርስባታል» ይላታል። በእጅሽ ላላ አድርገሽ ለጊዜው ሰብስቢያት፣ ዋናው ስፌት በኋላ ይመጣል ማለቱ ነው። ይህቺን ቃል ለቀሚስና ለኮት ብቻ አልነበረም የሚላት። አንድ ልጃቸው ትዳሯ ተናግቶ ሻንጣዋን ይዛ እያለቀሰች የተመለሰች ጊዜ እናትየው ያን ባል ከነዘር ማንዘሩ ስትሞልጭ፣ አባትየው ግን «ያዝ ያዝ አድርጊያት ልጄ» ብቻ ነው ያላት። ትዳሩ አልተሰፋም፣ ልጅቷም እዚያው ቀረች፤ ግን የአባቷን ቃል አልረሳችም።

እንግዲህ ታመመ። ደረቱን ነው። መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳ ሳል፣ ከዚያ ሥጋው ከአጥንቱ እየሸሸ ሄዶ በገዛ እጁ የሰፋው ሸሚዝ የሌላ ሰው ልብስ መሰለበት። ሐኪሙ መርፌን ለብቻዋ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ብዙ ነገር ነገራት። ከዚያ ሁሉ ነገር ቤቷ ድረስ ይዛው የመጣችው አንዱን ብቻ ነው፦ ብርድና እርጥበት እንዳያገኘው። የቀረውን የት እንደጣለችው እሷ ታውቃለች።

በዚያው ጣሪያው ላይ ዘመተች። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ አልቆ ነበር፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳፋና ባልዲ በየክፍሉ ይደረደራል። ዓመታት ሲያንጠባጥብ «ነገ ይሠራል» ስትል የኖረች ሴት አሁን ለነገ የሚሆን ትዕግሥት አጣች። ለልጇም ለጎረቤቱም አንድ ነገር ነው የምትለው፤ ጣሪያው ይለወጣል፣ ቤቱ ይደርቃል፣ እሱ ይነሳል። እንዲህ ብላ ስትናገር ዓይኗን ያየ ሰው ደፍሮ አይመልስላትም ነበር።

ባልየው አንዳንዴ ትራሱን ተደግፎ «ስሚኝማ» ይላታል። «እኔ የሌለሁ ዕለት…»

«አታሟርት» ትለዋለች ወዲያው። «በዚህ ቤት ሟርት አልፈልግም። ጣሪያው ይለቅ፣ ትነሳለህ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ምሳውን ስታቀርብለት፣ ወይ ትራሱን ስታስተካክልለት «እኔ የሌለሁ ዕለት…» ብሎ ይጀምራል። እሷም ቃሉ ሳይወጣ ቀድማ ታቋርጠዋለች፤ ወይ የጎረቤት ወሬ ታነሳበታለች፣ ወይ ድስት ጥጄ ረሳሁ ብላ ትወጣለች። አልሞት ባይ ተጋዳይ ሲባል እንሰማለን፤ እዚያ ቤት ግን ተጋዳዩ በሽተኛው ሳይሆን ሚስቱ ነበረች።

ጣሪያ ሠሪዎቹን ያመጣላት መንገድ ማዶ ምስማርና ቀለም የሚሸጠው ባለ ሱቅ ነው። ሁለት ናቸው። ዋናውን ድመት ይሉታል፤ ጣሪያ ላይ ሲራመድ ኮቴው አይሰማም፣ መሬት ላይም ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። ሌላው የድመት ሚስት ወንድም ነው፤ ራሰ በራ፣ ወሬ የሚወድ፣ መዶሻውን ቢያስቀምጥ እንኳ አፉን የማያስቀምጥ። አሮጌውን ቆርቆሮ ገፈው አወረዱ፣ የበሰበሰውን እንጨት ለወጡ፣ አዲሱን ቆርቆሮ ይመቱ ጀመር። ቤቱ ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮ ሲመታ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል፤ ጥርስ ድረስ ይገባል። መርፌ ግን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ግቢው ውስጥ ቆማ፣ እጇን ለፀሐይ ጋርዳ፣ «በርቱ፣ በርቱ» ትላቸዋለች። ሲጨርሱ ከታች ሆና ዳር እስከ ዳር አየችውና «እንኳን ዝናብ ዝንብ አይገባበትም» ብላ ገባች። ያን ዕለት ባሏን ፀጉሩን አጠበችው፣ አበጠረችውም።

ዝናቡ በወጉ ሳይጠበቅ መጣ፣ ነፋስ አስከትሎ። ቤቱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆርቆሮው ተነስቶ ይወርድ፣ ይንኳኳ ጀመር። ከዚያ ጠብ አለ። ጠብ ያለውም ሌላ የትም ሳይሆን በሽተኛው ብርድ ልብስ ላይ ነው።

አልጋውን ከመስኮቱ አርቀው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ገፉት። መስኮቱን ይወድ ነበር፤ መንገዱ ይታየዋል፣ አላፊ አግዳሚውን እንደ ልብስ ይለካዋል። አሁን የሚታየው ግድግዳ ሆነ። መርፌ ወደ ጣሪያ ሠሪዎቹ ሰው ላከች፤ ሌላ ከተማ ሥራ ሄደዋል ተባለ። ደግማ ላከች፣ አልደረሱም። ሳሉ ባሰበት። ክረምቱ ገና በቅጡ ሳይገባ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ሳፋውን ልትደፋ ወደ ደጅ ወጥታ ስትመለስ አርፎ አገኘችው።

ድመት ለለቅሶ መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። መርፌ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችውና፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «ሥራህን ልታይ መጣህ?» አለችው። እሱ አጎንብሶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመርፌ ኑሮ ኑሮ አይባልም። ያን ቆርቆሮ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ሌላ ሠራተኛ ላምጣ ሲሏት እምቢ፣ እኛ እንምታው ሲሏት እምቢ። ሳፋዋን ሥሩ አስቀምጣ፣ ሲሞላ እየደፋች፣ እንደገና እያስቀመጠች ከረመች። ልጅቷ «እማዬ፣ ቤቱ እኮ እየበሰበሰ ነው» ስትላት «ይበስብስ። ምስክሬ ነው» አለቻት። እሷ እንደሆነ ሌት ተቀን አንድ ነገር ብቻ ነው በሆዷ የምታመላልሰው፦ ባሌን በሽታ አልገደለውም፣ ሰው ነው የገደለው፤ ያ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ይናገርልኝ። ይሄ ሐሳብ ባይኖራት በምን ትቆም እንደነበር እኔም አላውቅም።

ብሶቷን ያባሰው ደግሞ ያ ደግ ሰው፣ ባለ ሱቁ ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብሎ ያን የሚያህል ሆዱን እየጎተተ መሰላል ወጣ። ወርዶ ላቡን ጠረገና ያየውን ሳያሽሞነሙን ነገራት። ጣሪያው በሙሉ የተዋጣለት ነው፤ ምስማሩ በመስመሩ ተደርድሯል። አንዲት ቆርቆሮ ብቻ፣ ከአልጋው በላይ ያለችዋ፣ ጥግ ጥጓን ብቻ ተመትታ ቀርታለች።

«የሱ አልጋ ላይ ያለችዋ ብቻ?» አለች መርፌ።

«እሷ ብቻ» አለ ባለ ሱቁ። ካለ በኋላ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ። ግን ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

ይሄው ሰው ነው በመጨረሻ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሰፊው ክፍል የሰበሰባቸው። ክፍሉ ባልየው እንደተወው ነው፤ መኪናው ጨርቅ ለብሷል፣ ካውያው ቦታው ላይ አለ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው ግማሽ ኮት ተሰቅሏል። ባለ ሱቁ፣ ድመት፣ ራሰ በራው፣ ልጅቷ ተቀመጡ። መርፌ ቆማ ነበር። ከመኝታ ክፍሉ ያን ሳፋ ከነውሃው ተሸክማ መጣችና ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ መሀል አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው ድመትን።

«ውሃ ነው እትዬ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከጣሪያው።»

«ማን ከሠራው ጣሪያ?»

«እኔ ከሠራሁት» አለ ድመት። ዓይኑን ከሳፋው አላነሳም። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያችን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውን በሙሉ ከልሼ እመታዋለሁ። ቆርቆሮውንም ከራሴ ነው የማመጣው።»

ባለ ሱቁ ፊቱ በራ። «እህቴ፣ ይኸው። ሰውየው አልካደ፣ አላመካኘ። ከዚህ በላይ ምን ይጨምር?»

«አፉን ይጨምር» አለች መርፌ። «ለምን እንዳደረገው ይናገር። ምስማሩን ሰርቆ ሸጦት እንደሆነ ይናገር። ቸኩሎ እንደሆነ ይናገር። ሊሞት ነው፣ ምን ያደርግለታል ብሎ እንደሆነም ይናገር። ቤቱን ሁሉ አሳምሮ ሲያበቃ የባሌን አናት መርጦ ክፍት የተወው ለምንድነው?»

ድመት ወደ ባለ ሱቁ ዞር አለ።

«ቸኩዬ ነው በላ» አለው ባለ ሱቁ በሹክሹክታ፣ ነገሩ እንዲያልቅለት።

«ቸኩዬ ነው» አለ ድመት።

«ውሸታም» አለች መርፌ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ከቸኮለ ሥራ ጋር ነው የኖርኩት። የቸኮለ ሰው ሁሉም ቦታ ነው የሚያበላሸው። አንተ አልቸኮልክም። አንተ ባሌን ገድለኸዋል፣ አሁን ደግሞ ልትዋሽበት ቤቱ መጥተሃል።»

ራሰ በራው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ራሱ ቀድሞ ተመልጦ፣ አሁን አፉም ተከተለው። «ኧረ በቃ» አለ። «ንገራት እንጂ። ክረምቱን ሙሉ ገዳይ ሲሉህ ሰማህ፣ ሥራ ስታጣ አየሁህ። ሆድ ይፍጀው ሆድ ይፍጀው ትላለህ፤ ሆድህ እኮ አለቀ። እትዬ፣ ጋሼ ናቸው ያሉት። ራሳቸው ናቸው።»

«ዝም በል» አለው ድመት።

«ምን ብሎ ነው ያለው?» አለች መርፌ።

ከሳፋው ውሃ ላይ ዓይኗን አንስታ ድመትን ትክ ብላ አየችው። «አንተን ነው የምጠይቀው። ባሌ ምን አለህ?»

ድመት ኮፍያውን አወለቀ። ደጋግሞ አጠፈው፣ ዘረጋው። «ለርስዎ እንዳልነግር አደራ ብለውኛል» አለ።

«ሞቷል» አለች መርፌ። በዚህ ቤት ከአፏ ይህ ቃል ሲወጣ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር። «ንገረኝ።»

«ቆርቆሮውን ስንመታ እርስዎ የሰው ልብስ ሊያደርሱ ወጥተው ነበር» አለ ድመት። «ጋሼ በመስኮት ጠሩኝ። መሰላሉ ላይ ነበርኩ፤ ዝቅ ብዬ ጠጋ አልኩ። ‹ልጄ፣ መዶሻህ እዚህ ነው የሚገባው› አሉኝ፣ ግንባራቸውን እየነኩ። ሥራውን ላቁምልዎ ስላቸው እምቢ አሉ። ‹ካቆምክ ትወድቅብኛለች፤ በዚህ ጣሪያ ነው ቆማ ያለችው› አሉኝ። ‹ብቻ ከኔ በላይ ያለችዋን ያዝ ያዝ አድርጋት። እኔ እንደሆነ ብዙ አልቆይም። ስሄድ መጥተህ ትመታታለህ። መዶሻው ይደርስባታል› አሉኝ። ለርስዎ ልንገር ወይ ስላቸው ሳቁ። ‹አታሟርት ትለኛለች› አሉኝ።»

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መርፌ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ድገመው» አለች።

«የቱን እትዬ?»

«ያለህን። እንዳለው አድርገህ።»

«ያዝ ያዝ አድርጋት፤ መዶሻው ይደርስባታል።»

ይሄን ማንም ሊፈጥረው አይችልም። ድመት ከባሏ ጋር ከዚያ በፊት በዓይን እንኳ አይተዋወቅም፤ ያን አባባል ከዚያ መስኮት ካልሆነ ከየትም ሊያገኘው አይችልም። መርፌ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ስንት ዘመን ሙሉ በዚያ መኪና ኋላ ስትሰማው የኖረችው ቃል ነው፤ አሁን ከባዳ አፍ ወጥቶ መጣላት።

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?» አለች። ድምፅዋ ከሷ የማይጠበቅ ዝግ ያለ ነበር። «ዝናቡ ሲመጣ ለምን አልመጣህም?»

«መጥቼ ነበር» አለ ድመት። «ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዴ በፊት፣ ደመናው ሲጠቁር አይቼ፣ መዶሻዬን ይዤ በሩ ድረስ መጣሁ። ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ነበር። አዩኝና እጃቸውን አነሱልኝ። ምን ብዬ ልግባ? ልምታት ብዬ ብገባ ‹ገና አልሄዱም እንዴ› እንደማለት ሆነብኝ። አፈርኩ። እጄን አነሳሁላቸውና ተመለስኩ።» ኮፍያውን ጭኑ ላይ አኖረ። «እዚያ ላይ ነው ያጠፋሁት። መግባት ነበረብኝ። እሱን ከራሴ አላራግፍም።»

«እጁን አነሳልህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበሩ። ፈገግ ብለው ነበር።»

መርፌ ያን ጊዜ ተቀመጠች፤ ባልየው ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ። ሁሉም ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። አላለቀሰችም። ንዴቱ ገና አልለቀቃትም፤ የሚወርድበት ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ክረምቱን ሙሉ ይህን ሰው ስትረግም፣ ውስጥ ውስጡን በሕይወት የሌለው ባሏ ከጎኗ ሆኖ አብሮ የሚረግም ይመስላት ነበር። ለካ እሱ ከሰውየው ጋር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ሞቱን መሰላል ላይ ለቆመ እንግዳ ነገረው፣ ተማከረበት፣ ቀጠሮ ያዘበት፤ እሷን ግን ፀጉሩን ስታጥበው ዝም ብሎ ታጠበላት።

«ለምን ለኔ አልነገረኝም?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

መልሱን የምታውቀው እሷ ነች።

«አንተ አልገደልከውም» አለች ድመትን፣ ቀና ብላ። «በሽታው ነው። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። ጣሪያ ብትለውጪም ባትለውጪም አንድ ነው ብሎኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ።»

ልጅቷ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። «እማዬ» አለች።

«ሰምቼዋለሁ» አለች መርፌ ደግማ። ከዚያ ወደ ድመት ዞረች። ክረምቱን ሁሉ ምላሷ ሰው ሲወጋ የከረመ ሴት አሁን ልመና በሚመስል ድምፅ ተናገረች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ‹እኔ የሌለሁ ዕለት› እያለ ይጀምርልኝ ነበር። ‹ስሚኝማ፣ እኔ የሌለሁ ዕለት› ይለኛል፣ አቋርጠዋለሁ። ምን ሊለኝ እንደነበር ለአንተ አልነገረህም? መስኮቱ ላይ? በጨዋታ መሀል እንኳ?»

ድመት አሰበ። ሊያገኝላት የፈለገ ሰው ሆኖ፣ ግንባሩን አኮማትሮ፣ ከልቡ አሰበ። አንዲት ደህና ቃል ፈጥሮ ቢሰጣት ማን ይፈርድበት ነበር? ግን ከአንድ ውሸት ገና መውጣቱ ነው።

«የለም እትዬ» አለ። «ስለ ጣሪያው ብቻ ነው ያወራነው።»

መርፌ ራሷን ነቀነቀች። ተነሳች፣ ሳፋውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በራፍ ላይ ደፋችው። ተመልሳም «መዶሻህን ይዘሃል?» አለችው።

«ይዣለሁ።»

«በል ውጣና ምታት። ጊዜዋ አልፏል።»

ሁለቱ መሰላል አቁመው ወጡ። ልጅቷ እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ ደጅ ልታወጣት ስትል መርፌ እጇን አስለቀቀች። ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። አልጋውን ከውስጠኛው ግድግዳ እየገፋች ወደ መስኮቱ፣ ወደ ቀድሞ ቦታው መለሰችው፤ ልጅቷም ሮጣ አገዘቻት። ከዚያ መርፌ ጫማዋን አወለቀችና ባሏ ይተኛበት በነበረው በኩል፣ በጀርባዋ ተጋደመች።

«እማዬ፣ ጆሮሽን ይጎዳሻል እኮ።»

«ተይኝ።»

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ሰውነቷ ዘለለ። እንዲህ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ያኔ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆማ «በርቱ» ስትላቸው፣ ድምፁ ለሷ የሠርግ ከበሮ ነበር፤ እዚህ ግን ግንባር ውስጥ ገብቶ ጥርስ ያንገጫግጫል። እሱ ቀኑን ሙሉ ይህን ይዞ፣ ማታ ስትገባ «እንዴት ነው፣ ያምራል?» ሲላት ትዝ አላት። ያምራል ብላው ነበር። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። መዶሻው ስለሚጮኽ ልቅሶዋን ማንም አልሰማም፤ ልጅቷ ብቻ የእናቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ አለቀ» አለ ድመት ከላይ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች መርፌ። መስማቱን እንጃ።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ሰንብቶ ነው፣ ከምሳ በኋላ። ልጅቷ በፊተኛው ክፍል የአባቷን መኪና ጨርቁን ገፍፋ፣ ያን የቀረ ግማሽ ኮት ልትጨርሰው ተቀምጣ ነበር። ነጎድጓዱን ስትሰማ ተነስታ እናቷን ልታይ ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። መርፌ አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ሳፋ አላስቀመጠችም። ቀና ብላ ጣሪያውን ካየች በኋላ ወደ ትራሱ ዞረች፣ ሰው ያለበት ይመስል።

«እሺ» ስትል ልጅቷ ሰማቻት። «እኔ የሌለሁ ዕለት ብለህ ነበር። ጨርሰው። አላቋርጥህም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድም ጠብታ አልወረደም። መርፌ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች።